ለቆላው የሚሆን ነርስ

ከነገሌ ቦረና ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ቀዩን አፈርና የግራሩን ዱር እያቋረጠ፣ ከፍታውንም ጥቂት በጥቂት እየጣለ፣ በሊበን ዞን ወደምትገኘው ወደ ፊልቱ ከተማ ያደርሳል፤ ከዚያም አልፎ የገናሌና የዳዋ ወንዞች ተገናኝተው ጁባ ተብለው እስከሚጠሩባት እስከ ዶሎ ይቀጥላል። በነዚህ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ምድር የግመል፣ የከብትና የፍየል አርቢዎች ምድር ነው፤ ሕዝቡም የጉን ዝናብ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የደይርን ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር እየጠበቀ፣ ያገኘውን ውሃ በብርካና በኩሬ እያጠራቀመ፣ ከደይር በኋላ የሚመጣውን የጂላልን ደረቅ ወራት በትዕግሥት የሚያሳልፍ ሕዝብ ነው። መንገዱ ረጅም፣ ሠፈሩ የተበታተነ፣ ሐኪሙ ጥቂት ስለሆነ፣ በዚህ አገር የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያም በመጨረሻም የሚያገኘው የሕክምና ሰው ነርስ ነው። ስለዚህ ያ ነርስ የት፣ በማን፣ ምን ተምሮ እንደመጣ መጠየቅ ስለ ብዙ ሰዎች ሕይወት መጠየቅ ይሆናል።

ይህ ምድር ከሕሙማን ማስታመም ጋር የተያያዘ ታሪኩ አዲስ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊታቸውን ይዘው ከነገሌ ወደ ዶሎ ግንባር በወረዱበት ወራት፣ በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ተከትሎ ወርዶ በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በተባለው ሥፍራ ድንኳኑን ተከለ። በታኅሣሥ ወር የኢጣሊያው ጄኔራል የግራዚያኒ አውሮፕላኖች የመስቀሉን ምልክት ሳያከብሩ ያንን ሠፈር ደበደቡት፤ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ስዊድናዊ ረዳትና ከሃያ የሚበልጡ ሕሙማን ሞቱ፤ መሪው ሐኪምም ቆሰለ። የመልካ ዲዳ ስም ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ እንደገና በዓለም ጋዜጦች ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሶማሊያ ረሃብና ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች የሰፈሩበት ጣቢያ መጠሪያ ሆኖ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ክረምት በዶሎ አዶ ጣቢያዎች ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተከማችቶ፣ ረሃቡ ባደከማቸው ሕፃናት ላይ ኩፍኝ ተጨምሮ፣ ከኮቤ ጣቢያ የሚሰማው የሞት ወሬ እጅግ የሚያስጨንቅ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ነርሶች በአንድ ድንኳን ሥር ቆመው ሠርተዋል። ከሰለጠነው ዓለም በብዙ መሣሪያ መሥራት ለምደው የመጡት፣ መሣሪያው በሌለበት እጃቸውንና ዓይናቸውን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረባቸው፤ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ትልቅ ከተማ የተማሩት ወገኖቻችንም ቢሆኑ፣ ሐኪም በቅርብ፣ ላቦራቶሪ በጎን፣ መብራት በግድግዳ ላይ ባለበት የተማሩትን ሙያ፣ እነዚህ ሁሉ በጎደሉበት ቦታ መተርጎም ቀላል አይሆንላቸውም። ብዙ ሰዎች የቆላውን ነርስ የሚያስቡት ከትልቁ ሆስፒታል ነርስ ጥቂት ዝቅ ያለ ትምህርት የሚበቃው አድርገው ነው። እኔ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪሙ በሩቅ፣ መሣሪያው በጥቂቱ ባለበት ቦታ የምትቆም ነርስ ከሁሉ የጠለቀ ትምህርት ያስፈልጋታል፤ ያም ትምህርት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ጥበቡም በሚሠራበት ምድር፣ ከተቻለም ለምድሩ ልጆች፣ ሊሰጥ ይገባል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድን ሕፃን በምሳሌነት እንያዝ። በጂላል መጨረሻ ላይ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ከሩቅ ሠፈር ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች እንበል። ልጁ ተቅማጥ ይዞታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል። የነርስዋ የመጀመሪያ መሣሪያ በልጁ ክንድ ዙሪያ የምትጠመጠመው ባለ ሦስት ቀለም የመለኪያ ጥብጣብ ናት፤ ባለሙያዎቹ ሙአክ ይሏታል። ልኬቱ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ቀለም ይታያል፤ ይህም ልጁ በብርቱ የምግብ እጥረት ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶችዋ የልጁን ሁለት እግሮች ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭና ትለቃለች፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቀረ እብጠቱ የውሃ ነው፤ ክንዱ ወፍራም ቢመስልም እንኳ ሕፃኑ በአደጋ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪክም ላቦራቶሪም አላስፈለጋትም።

ፈተናው ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በዚያ ያሉት ዘመዶች ሁሉ፣ ምናልባትም ከከተማ አዲስ የመጣው ነርስ ጭምር፣ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላሉ፤ በእኛ አገር በደም ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ የሕክምና ሁሉ አክሊል ተደርጎ ይታያልና። ምግብ ላልጎደለው ልጅ ፈጥኖ የሚሰጥ ውሃ ሕይወት ሲሆን፣ በረሃብ ለደከመ ልጅ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። በረጅም ረሃብ ጊዜ የልብ ጡንቻ ይሳሳል፣ ኩላሊት ጨውን የማስወገድ ኃይሉ ይደክማል፤ በአንድ ጊዜ የገባው ውሃና ጨው የሚወጣበት ቢያጣ ሳንባውን ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጠው ልጁ ራሱን ሲስትና ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀር ጨው የተቀነሰበትና ፖታሲየም የበዛበት ልዩ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በአፍ ይሰጠዋል፤ ነርስዋም ከአጠገቡ ሳትለይ ትንፋሹንና የልቡን ምት ትቆጥራለች፤ ሁለቱ አብረው ከጨመሩ ትገታለች።

ምግቡም እንዲሁ ነው። የራበው ልጅ እንዲጠግብ መሻት የተፈጥሮ ርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው ቀጭን ወተት፣ በመቶ ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለበት፣ ልጁን ለማወፈር የተሠራ አይደለም፤ የአካሉ ሥርዓት እስኪመለስ ድረስ በሕይወት ለማቆየት የተሠራ ነው እንጂ። የሚሰጠውም በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ መዓልትና ሌሊት ሳይለይ ነው። ጥንቃቄ የሌለበት ክፍል ልጆቹን የሚያጣው ሌሊት ነው፤ ሠራተኛ ይደክማል፣ እናት ታሸልባለች፣ የሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጠን ይዘለላል፣ ጎሕ ሲቀድ የልጁ የደም ስኳር ወርዶ ሰውነቱም ቀዝቅዞ ይገኛል። ደግሞ ይህ ልጅ ትኩሳት አያሳይም፤ ተዋሲያንን የሚዋጋው የሰውነቱ ኃይል ስለደከመ የሳንባ ምች ይዞትም እንኳ ገላው ይበርዳል። በመጽሐፍ «ትኩሳት ካለ ተዋሲያን አለ» ብሎ የተማረ ነርስ እዚህ ይሳሳታል። የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ እብጠቱ መጉደል ሲጀምር ወደ ኤፍ 100 ወይም ወደ ለውዙ ቅባት፣ ወደ ፕላምፒ ነት ይሸጋገራል፤ እናቲቱም ከልጅዋ ጋር ወደ ሠፈርዋ ተመልሳ በየሳምንቱ ትመላለሳለች። ይህን ሁሉ አንድ ተማሪ በአሻንጉሊት ላይ ሊማረው አይችልም፤ የሌሊቱን ተራ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር በክፍሉ ውስጥ ማደር አለበት።

ስለ ትንፋሽ መቁጠር ካነሣን፣ የሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ሰዓት በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ክብር መናገር ይገባል። የሚያስል ሕፃን የሳንባ ምች ይዞት እንደሆነ ለማወቅ በራጅ ፈንታ ደረቱን ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይቻላል፤ ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ የፈጠነ ትንፋሽ ነው። የጤና ድርጅቶች ይህን ቀላል ሥርዓት ከተከሉ ወዲህ ሐኪም በሌለበት ቦታ ስንት ሕፃን በጊዜው መድኃኒት እንዳገኘ መገመት አያዳግትም። የተቅማጡም መድኃኒት ታሪክ እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በኮሌራ ሲረግፉ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ አልቆበት የተጨነቀው ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ በዘመዶቻቸው እጅ እንዲጠጡ አደረገ፤ ሠላሳ በመቶ የነበረው ሞት ወደ አራት በመቶ ገደማ ወረደ። ያ ጥበብ በስደተኞች ሠፈር ከእጥረት የተወለደ ነው፤ ዛሬ ግን የሀብታም አገር ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል።

የቆላው ደዌያት ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የከሳ ሰውነት ሲታይ፣ የደጋው ነርስ ወባ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ይላል፤ የቆላው ነርስ ግን ካላ አዛርን መጠርጠር አለበት። በሰሜን፣ በሑመራና በመተማ፣ ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ በደቡብ ግን በቀዩ ምድር ላይ በቆሙት ኩይሳዎች ውስጥ ነው የምታድረው። ስለዚህ አንድ እረኛ ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፍ፣ ከሚያድርበት በረት ኩይሳው ምን ያህል እንደሚርቅ መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው። በሽታው ሳይታከም ከቀረ ገዳይ ነው፤ ሕክምናውም 17 ቀን ሙሉ በመርፌ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከብቱን ጥሎ የመጣውን ሰው እስከ መጨረሻው ማቆየት ከመርፌው ያላነሰ ሙያ ይጠይቃል።

ወባውም ቢሆን ባሕርዩን እየለወጠ ነው። አባቶቻችን ንዳድ ይሉት የነበረው ይህ በሽታ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ ዓመት መባቻ በአገራችን ሦስት ሚሊዮን ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይታመናል፤ ያን ጊዜ የወባ ትንኝ ከረግረግና ከወንዝ ዳር ኩሬ ጋር ነበር የምትታሰበው። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ከእስያ የመጣች አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ በዚሁ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኘች፤ ይህችኛዋ ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው ውሃ፣ በበርሜልና በብርካ ውስጥ ትራባለች፤ በድሬዳዋም በ2014 ዓ.ም. ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ለሕይወቱ ሲል ውሃ ለሚያጠራቅም ሕዝብ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ ነርስዋም ኪኒን ሰጥታ ከመሸኘት በላይ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን መክደን በየቤቱ እየዞረች ማስተማር ሊኖርባት ነው።

ስለ እባብ መርዝና ስለ ክትባት ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ይህን ለማወቅ ንጹሕና ደረቅ በሆነ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ደም ቀድቶ ሳይነቀንቁ ሃያ ደቂቃ ማቆየትና ማዘንበል ይበቃል፤ ካልረጋ መርዙ በደም ውስጥ ነው፣ ፀረ መርዝ ያለበትን ቦታ መፈለግም አስቸኳይ ነው። ክትባቱም በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ነገር ግን በብልቃጡ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት፣ በክቡ ውስጥ ያለችው ካሬ፣ እንደ ክቡ ጠቁራ ከታየች ሙቀት እንዳገኘው ትመሰክራለች። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ማቀዝቀዣ ለዚህ አገር ታላቅ በረከት ነው፤ የሚጠግነውና በላዩ ያረፈውን አቧራ የሚጠርገው ሰው ሲኖር ነው ታዲያ።

ስለ ወሊድ ሲነሣ ግን መዘግየት ይገባል። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናውያን ነርሶች አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር በለቀምት ሳሉ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም መፍሰስ በወጣትነታቸው አረፉ፤ በስማቸውም ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት ተሠራ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ራስዋ ነርስ የነበረች፣ ከከተማ በራቀ ቦታ በደም መፍሰስ ካለፈች፣ በገናሌ ዳር ያለች አርብቶ አደር እናት ምን ዓይነት አደጋ ላይ እንዳለች ማሰብ አያቅትም። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ሚሶፕሮስቶል የተባለው ኪኒን ይተካዋል፤ ሁለቱም ካልበቁ ኮንደምን በሽንት ቱቦ ላይ አስሮ በውሃ በመሙላት ማሕፀኑን ከውስጥ መጫን ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ብልሃት ያስለመዱት የባንግላዴሽ ሐኪም ሳየባ አክተር ናቸው።

በዚህ አገር አዋላጅዋ ሌላም ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በብዙ የሶማሌ ሴቶች ላይ በልጅነታቸው የሚፈጸመው ከባዱ የግርዛት ዓይነት፣ መስፋት ያለበት፣ በምጥ ጊዜ መንገዱን ያጠባል። አዋላጅዋ ጠባሳውን በትክክለኛው ጊዜና ቦታ መክፈት፣ ከወሊድ በኋላም መልሶ እንዳይሰፋ እናቲቱንና ባለቤቷን በአክብሮት ማስረዳት ይጠበቅባታል። ይህ ነገር በደጋው ኮሌጅ በአንድ ገጽ የሚታለፍ ሲሆን፣ በፊልቱ የየሳምንቱ ሥራ ነው። ለዚህም ምክር የሴቶቹን ቋንቋ የማትችል ነርስ ምን ታደርጋለች? የጎረቤትን ልጅ አስተርጓሚ አድርጋ ስለዚህ ነገር መጠየቅ አይቻላትም፤ ባልየውን አስተርጓሚ ብታደርግ ደግሞ እናቲቱ እውነቱን አትናገርም። «ሆዮ» (እናት) ብላ ጠርታ፣ ከኡምሊሶዋ ማለትም ከሠፈሩ አዋላጅ ጋር ተቀምጣ ሻይ ጠጥታ፣ በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የምትጠይቅ ነርስ በአንድ ቀን የምታውቀውን ሌላዋ በዓመት አታውቀውም።

ይህ ሐሳብ፣ ባለሙያን በሚያገለግልበት ምድር የማሠልጠኑ ሐሳብ፣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ዓላማው ሆስፒታሎችን ማገልገል ነበር፤ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ግን፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ተቋቋመ። ያ ማእከል የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርስዋንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛውን አብሮ አስተምሮ፣ ለልምምድም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በጓድ በጓድ ይልካቸው ነበር። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ሄደው፣ ምንጩንና መጸዳጃውን አይተው፣ የሕፃኑን በሽታ ከቤቱ ጋር አስማምተው ማንበብ ይማሩ ነበር። እኔ በበኩሌ ከዚያ ዘመን የጤና ትምህርት ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ዛሬም ሳይሻሻል እንዳለ ቢወሰድ እንኳ ለቆላው ይጠቅም ነበር።

ሌላው ምስክር ፈንጣጣ ነው። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ክትባት ሰጪዎቹ በበቅሎ፣ በእግር፣ ኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ ተራራውንና በረሃውን አዳረሱ። በመጨረሻ የቀረው የበሽታው ምሽግ ከሊበን ብዙ የማይርቀው የኤል ከሬ ቆላ ነበር፤ በአገራችን የታወቀው የመጨረሻ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ዲሞ በተባለ መንደር ተገኘ። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስን ሕዝብ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይቻል፣ የውሃውን ጉድጓድና የግመሉን መንገድ የሚያውቅ የአገሩ ሰው መሪ ሆኖ መሄድ እንዳለበት ያ ዘመቻ በግልጽ አሳየ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሲሰማሩም፣ ለአርብቶ አደሩ አካባቢ የትምህርቱ መመዘኛ ተሻሽሎ፣ ወንዶችም ተጨምረው የተመለመሉት ከዚሁ እውቀት የተነሣ ነው።

በሩቅ ዓለም ደግሞ፣ በሊቨርፑል በ1898፣ በለንደን በ1899 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙት የቆላ ደዌ ትምህርት ቤቶች ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱ ነርሶች ልዩ ትምህርት ይሰጣሉ፤ በማይክሮስኮፕ የወባን ተዋሲ መለየትን፣ በጥቂት መሣሪያ ማስታመምን ያስተምራሉ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከለንደን የመጣችው ነርስ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ትመለሳለች፤ በፊልቱ የምትቀረው የአገሩ ነርስ ናት፤ ያን ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የምትሻውም እርስዋ ናት።

ለዚህ ደግሞ በአገራችን የተፈተነ ምሳሌ አለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታልን ካቋቋሙ በኋላ፣ በወሊድ የተጎዱትን ማዳን ብቻውን እንደማይበቃ በመታወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሚመለምለው ከገጠር ነው፤ ሲመረቁም ወደመጡበት አካባቢ ሁለት ሁለት ሆነው ይመለሳሉ፤ አንዷ ብቻዋን ቀርታ እንዳትጨነቅ፣ ሌሊቱንም እንዲከፋፈሉት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ከገጠር የተመለመለና በገጠር አጠገብ የተማረ ባለሙያ በገጠር የመቆየቱ ነገር የበለጠ እንደሆነ አስረድቷል። በነገሌ ቦረና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ በጅግጅጋም ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አለ። የጎደለው በፊልቱ፣ በዶሎና በየወረዳው ያለችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደነዚህ ደጆች የምትደርስበት መንገድ ነው። ከአርብቶ አደር ቤት የወጣች ልጅ የምታድርበት አዳሪ ቤት ከሌለ፣ በእንግሊዝኛው ፈተና ብቻ ከተመዘነች፣ ሶማሊኛዋና ኦሮምኛዋ፣ የጂላልን ጠባይ ማወቅዋ፣ ሙቀቱን መልመድዋ በነጥብ ካልተቆጠሩላት፣ ቦታው ከደጋ ለሚመጣ፣ በልቡም ለዝውውር ማመልከቻ ለሚያዘጋጅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ከደጋ የመጣውን ሰው መንቀፌ አይደለም፤ ከነሱ መካከል ሕይወታቸውን በዚህ ምድር ያሳለፉ፣ ሕዝቡም የራሱ ልጆች ያደረጋቸው አሉና።

የተመረቀችው ነርስ ብቻዋን ስትቀር የሚያገኛት ፈተናም መታሰብ አለበት። የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን (የሲኦሲን) ፈተና ያለፈች ወጣት በመጀመሪያው ዓመትዋ፣ የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን ስትሠራ፣ ያወቀችውን መርሳት ትጀምራለች፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ አብሯት የሚሠራ፣ የሞተውን ሕፃን መዝገብ አብሯት ገልጦ ያለ ቁጣ የሚያነብ አንጋፋ ነርስ ያስፈልጋታል። ለተወለደ ሕፃን ትንፋሽ መስጠትን የመሰለ ሙያ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ በአሻንጉሊት ላይ ካልተለማመዱት ከእጅ ይወጣል። ለቆላው የሚሰጠው የበረሃ አበል በወቅቱ መድረሱ፣ የምትኖርበት ቤት ውሃና መዝጊያ ያለው መሆኑ ከሥልጠናው ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ያለዚህ ያ ሁሉ የትምህርት ድካም ከሁለት ዓመት በኋላ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሐዋሳ ይሄዳልና።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ቆላ የተነሣው ኮሌራ ወደ ጉጂና ወደ ሊበን ዞን ሲሻገር፣ ከተከታታይ የከሸፉ የዝናብ ወራት በኋላ የመጣ በመሆኑ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተራበውና በተቅማጥ የደረቀው ሕፃን ጎን ለጎን ተኙ። ያን ጊዜ አንዱን በብዙ ውሃ፣ ሌላውን በጥቂት ውሃ ማዳን የሚያውቅ፣ ለእጅ መታጠቢያ 0.05 በመቶ፣ ለተቅማጡ ማርከሻ 2 በመቶ የሆነ የክሎሪን ውሃ በባልዲ መለካት የሚችል ነርስ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታየ። ስለዚህ የነገሌም ሆነ የጅግጅጋ ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለልምምድ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚልክ ከሆነ፣ የሚልክበትን ወራት በትምህርት ዘመኑ ቀመር ብቻ እንዳይወስን እመኛለሁ። አንዱ ዙር በየካቲትና በመጋቢት መባቻ፣ ብርካው ደርቆ የተራበው ሕፃን በሚበዛበት በጂላል ማብቂያ ይሁን፤ ሁለተኛው በደይር ዝናብ ማብቂያ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ወባውና ተቅማጡ በሚነሡበት ጊዜ ይሁን፤ ሁለቱም ዙር ከተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን ጋር መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ሕዝቡ ወዳለበት የውሃ ጉድጓድ መውረድን ይጨምር።